ድንጋዩን የተሸከሙልን ቄስ

አባ ይኄይስ ማረፋቸውን የነገረችኝ በርበሬ ልትሸጥ ከይጁቤ ወደ ደብረ ማርቆስ ገበያ የመጣች ሴት ናት። በርበሬውን እየሰፈረችልኝ፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ቄሱን ቀበርናቸው እኮ» አለችኝ።

«የትኛውን ቄስ?»

«ያን ድንጋይ የተሸከሙትን ነዋ። አታውቂያቸውም?» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ምን አጥፍተው እንደነበር እንግዲህ እግዜር ይወቅ። ሰውየው ግን ደግ ነበሩ» አለች።

በርበሬውን ተቀብዬ መሄድ አቃተኝ። መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ስለሰነበተ ወሬው እስኪደርሰኝ ቀብሩ አልፏል። ባሌን ከቀበርሁ ገና ዓመት አልሞላኝም፤ ጥቁሬን ሳላወልቅ የነፍስ አባቴም ሄዱ። እዚያ ያቆመኝ ግን ሐዘኑ ብቻ አልነበረም። ሴትዮዋ ስለ ድንጋዩ ስትናገር ፊቴ በእፍረት ጋለ። አባ ይኄይስ ምን እንዳጠፉ አውቃለሁና። ምንም አላጠፉም። ድንጋዩ የእኛ ነበር።

እዚያው ገበያው መካከል፣ «ያ ድንጋይ የባሌ ነው፤ እሳቸው ስለ እሱ ነው የተሸከሙት» አልኋት። ሴትዮዋ ትንሽ አየችኝና «እንዴ!» ብላ ወደ ሌላ ገዢ ዞረች። አገር ያወቀው ነገር ለአንድ ሰው በመንገር እንደማይታረም ገባኝ። ስለዚህ ቀስ እያልሁም ቢሆን ልጽፈው ተቀመጥሁ።

አባ ይኄይስ ከይጁቤ ወረድ ብላ ባለች የገጠር ደብር ይቀድሱ ነበር። ከቅዳሴ መልስ እንደ ማንም ገበሬ ያርሳሉ። የባሌ የአንሙት አገር እዚያው ስለሆነ፣ እኛ ማርቆስ ገብተን በመምህርነት ከተቀመጥን በኋላም የነፍስ አባታችን ሆነው ቀሩ። ረጅምና ቀጭን ሰው ነበሩ። መስቀላቸውን በአሮጌ ነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ከደረታቸው አይለዩትም። ድምፃቸው ለቅዳሴ የሚሆን አልነበረም፤ ከፍ ሲል ይሰነጠቃል፤ ዲያቆናቱ እርስ በርስ ይተያያሉ፤ እሳቸውም አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ። ሻይ ሲቀርብላቸው ስኳር ያበዛሉ። «አባ፣ ይኸ ሻይ ነው ወይስ ማር?» ስላቸው፣ «ጾም ሲገባ አንቺ አትጨምሪልኝም፤ አሁን ልጠቀም» ይሉኝ ነበር።

ጃንጥላ ነበራቸው። አጠገባቸው ጃንጥላ የሌለው ሰው ካለ ግን አይዘረጉትም፤ ሁለቱም እየበሰበሱ ይሄዳሉ። አንድ ቀን አንሙት ይህን አይቶ፣ «አባ፣ እሱ እንደሆነ በስብሷል። የእርስዎ መበስበስ ለእሱ ምን ጠቀመው?» አላቸው።

«ብቻውን አልበሰበሰም» አሉ።

አነጋገራቸው ሁሉ እንዲህ ነው። ስብከት አይችሉም ነበር። ዐውደ ምሕረት ላይ ሲወጡ ይጠፋባቸዋል፤ ቶሎ ጨርሰው ይወርዳሉ። አንድ የማይለወጥ ቃል ግን ነበራቸው፤ «ወደ እግዜር ብቻውን የደረሰ ሰው አላውቅም» ይላሉ። እኔ ይህን ቃል ለዓመታት ስሰማው ያማረ አነጋገር ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ግን እየኖሩት ነበር።

አንሙት አንድ ጊዜ ንስሐ ገብቶ ስግደት አዘዙት። ጾሙ ሲያልቅ ሊጠይቁን ሲመጡ እያነከሱ ነበር። «ጉልበትዎን ምን ነካዎት?» ሲላቸው፣ ስለ አዝመራ እንደሚያወራ ሰው ቀለል አድርገው፣ «ያንተን እየሰገድሁ ነው የከረምሁ» አሉት። ለንስሐ ልጆቻቸው የሚያዙትን ቀኖና ሁሉ እሳቸውም ይፈጽሙት እንደነበር ያን ዕለት አወቅን።

አንሙት ሳቀ። «እንግዲያውስ አባ፣ ከእንግዲህ ኃጢአት ልሠራ ስል የእርስዎ ጉልበት ትዝ ሊለኝ ነው።»

«ትዝ ይበልህ እንጂ! ምን ብዬ የምሰቃይ መሰለህ?» አሉና እሳቸውም ሳቁ።

ይህን ሳስብ አፍራለሁ። እኛ እምነታችንን እንደ ክት ልብስ አጥፈን አስቀምጠን ለበዓል ነበር የምናወጣው። እሳቸው የሚለብሱት ሌላ አልነበራቸውም፤ ያርሱበታል፣ ዝናብ ይመታቸዋል፣ ይተኙበታል።

የድንጋዩን ነገር ለመናገር ወደ አማቴ ተዝካር መመለስ አለብኝ። የአንሙት እናት በመጨረሻ ዘመናቸው ጉሮሯቸው ታሞ መዋጥ ተስኗቸው ነበር። ያስታመማቸው የአንሙት ታናሽ ወንድም ይበልጣል ነው፤ መሬቱን ይዞ አገር ቤት የቀረው እሱ ነውና። ይበልጣል ስል ግን ሚስቱን እታገኝን ማለቴ ነው። አጥሚት እያቀጠነች በማንኪያ ታጎርሳቸው፣ ታጥባቸው፣ ልብሳቸውን ትለውጥላቸው የነበረችው እሷ ናት። እኛ ለበዓል ብቅ ብለን እንመለስ ነበር። ሲሞቱ አንሙት ደርሶ ገላቸውን አየ፤ አጥንት ብቻ ነበሩ።

በተዝካሩ ዕለት ዳሱ ሞልቷል። ካህናቱ ተቀምጠዋል፤ መብል ቀርቦ መጉረስ ተጀምሯል። አንሙት ተነሣና በሰው ሁሉ ፊት ወንድሙን፣ «በሕይወቷ ያላጎረሳችኋትን ሴት ሞታ ነው የምትደግሱላት?» አለው።

አንድ ሽማግሌ በእጃቸው የያዙትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡና ወጡ። ሌሎችም ተከተሏቸው። እታገኝ ወጥ የያዘ ድስት ታቅፋ ዳሱ መግቢያ ላይ ቆማ ነበር። የተደገሰው ሳይበላ ቀረ፤ ሁለቱ ወንድማማቾችም ከዚያ ቀን ጀምሮ ተቆራረጡ። አባ ይኄይስ ሽማግሌ ይዘው ብዙ ደክመዋል። አንሙት ግን «ያየሁትን ነው የተናገርሁ» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረውም። ጥሩ ሰው ነበር ባሌ፤ እንዲህ ያለ ጊዜ ግን አንገቱ አይታጠፍም።

አምና መስከረም ላይ አንሙት በጉበት በሽታ ወደቀ። ሆስፒታል ተኝቶ ቆየና ቤቱ ይሁን ብለው መለሱልን። ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም ገብቶናል። አባ ይኄይስን አስጠራና፣ «አባ፣ ልቁረብ» አላቸው።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እጁን ይዘው ቆዩ። ከዚያ፣ «ከወንድምህ ሳትታረቅ አላቀብልህም» አሉት።

«እየሞትሁ ነው እኮ አባ!»

«ስለዚህ ነው አላቀብልህም የምልህ።»

«ያየሁትን ነው የተናገርሁ።»

አንሙት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። አባ ይኄይስ ተነሥተው ወጡ፤ እኔም እያለቀስሁ ተከተልኋቸው። ሳይቆርብ ሊሞትብኝ ነው ብዬ ተቆጣኋቸው፤ «ጨከኑበት» አልኋቸው። «ነገ ይጁቤ አብረሽኝ ውረጂ» ብቻ አሉኝ። እንደ ሌላው ጊዜ ሊሸመግሉ መስሎኝ እሺ አልሁ።

በማግስቱ አንሙትን ለጎረቤት ሰጥቼ በሚኒባስ ይጁቤ ወረድን። ከዚያ በእግር ነው። የገበያ ቀን ስለነበር መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ወንዙ ጋ ስንደርስ አባ ይኄይስ ቆሙና ዳር ዳሩን ድንጋይ ይመለከቱ ጀመር። በአገራችን የበደለ ሰው ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳዩ ደጅ ይንበረከካል፤ የተበደለው ይቅር ካለ ድንጋዩን ራሱ ያወርድለታል። ሊያደርጉ ያሰቡት ያን ጊዜ ገባኝ።

«አባ፣ እርስዎ ምን አደረጉና?»

«ልጄ አልጋ ላይ ነው። ማን ይሸከምለት?»

«እኔ ልሸከም።»

«አንቺ ሚስቱ ነሽ፤ ታዝኝለታለሽ። እኔ የነፍስ አባቱ ነኝ፤ ዕዳው የኔ ነው» አሉና ጎንበስ ብለው አንዱን ትልቅ ድንጋይ ሊያነሡ ታገሉ።

«ያቺ ትንሿ አትበቃም?» አልኋቸው በጣቴ እያሳየሁ።

ቀና ብለው አዩኝ። «ቃሉ ትንሽ ነበር?»

ትልቁን አነሡ። ማጅራታቸው ላይ ሲያርፍ ከወገባቸው እጥፍ አሉ። እንደዚያ ሆነው ገበያ የሚሄደውንና የሚመለሰውን ሰው እየሰነጠቁ ተጓዙ። ሰው ይቆማል፤ ያማትባል። ከብት የሚነዳ አንድ ጎልማሳ ጠጋ ብሎ፣ «አባቴ፣ ምን አጥፍተው ነው?» አላቸው።

«ብዙ ነው ልጄ» አሉት።

እኔ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብሁ። ይህን ሳልጽፈው ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር። አብሬያቸው እንደመጣሁ እንዳይታወቅ እርምጃዬን ቀንሼ ራቅ ብዬ ነበር የምከተላቸው።

ይበልጣል አጥሩን ሲጠግን አገኘነው። ከደጁ ሲንበረከኩ መጥረቢያውን ጥሎ ሮጠ። «አባ! ምን ሆነው ነው? ያውርዱት!»

«አላወርደውም። የሚወርደው በአንተ እጅ ነው።»

«እርስዎ ምን በደሉኝ?»

«ስለ አንሙት ነው የመጣሁ።»

ይበልጣል እኔን አየኝ፤ ከዚያ ወደ እሳቸው ዞረ። «ልኮዎት ነው?»

አባ ይኄይስ አይዋሹም። «መጥቻለሁ» አሉ።

«ራሱ ይምጣ!» አለ ይበልጣል። «በሰው ፊት ያዋረደኝ ራሱ ነው፤ ራሱ ይምጣ!»

«አይነሣም። ከእንግዲህ አይነሣም፣ ልጄ።»

ይበልጣል ይህን አያውቅም ነበር። የአባ ይኄይስ ላብ ከግንባራቸው መሬት ላይ ጠብ ጠብ ሲል አያለሁ። እታገኝ እጅዋ ሊጥ እንደነካው ከማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ትመለከታለች። በመጨረሻ ይበልጣል በሁለት እጁ ድንጋዩን ከማጅራታቸው አነሣና አጥሩ ሥር አስቀመጠው። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ፤ ቃሉ ከአፉ የወጣው ግን ከለቅሶው ጋር ነው። ቆብና ጋቢውን ይዞ ወዲያው ተከተለን።

ስንመለስ አባ ይኄይስ፣ «እታገኝ ምንም አልተናገረችም» አሉኝ።

«ደስ ብሏት ይሆናል» አልሁ። አዩኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

አንሙት ወንድሙን በሩ ላይ ሲያየው አልጋው ላይ ቀና ለማለት ሞከረ። ከዚያ የአባ ይኄይስን የተላጠ ማጅራት አየ። «ምን ነካዎት?» አላቸው።

መልሱን የሰጠው ይበልጣል ነው። «ያንተን ድንጋይ ተሸክመው መጥተው ነው።»

አንሙት ወደ ወንድሙ ዞረ። «እኔ ድንጋይ አልላክሁም» አለ።

«አውቃለሁ» አለው ይበልጣል። «አንተ ብትሆን ትንሿን ትመርጥ ነበር።»

መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ። አንሙት ግን ሳቀ። ከታመመ ጀምሮ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሳቁ ጎኑን ሲወጋው ወደ ለቅሶ ተለወጠ። «ይበልጣል፣ ሰው ፊት አዋረድሁህ።»

«አዋረድኸኝ።»

«ይቅር በለኝ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር፣ ወንድሜ።»

በማግስቱ ጠዋት ሥጋ ወደሙን ቤት ድረስ አምጥተው አቆረቡት። ኅዳር ከመግባቱ በፊት አረፈ፤ ሲያርፍ ጭንቅላቱ በይበልጣል ክንድ ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የአባ ይኄይስ አንገት አልተመለሰም። ሰው ሲጠራቸው ሙሉ ገላቸውን ነው የሚያዞሩት። ድንጋይ ተሸክመው ያያቸው የገበያ ሰው ግን ወሬውን እንደመሰለው ወሰደው። ቄሱ መሬት ቀምተው ነው ያለ አለ፤ ከዚህ የከፋም ያለ አለ። ከንስሐ ልጆቻቸው ሌላ የነፍስ አባት የያዙ እንዳሉ ሰማሁ። «አባ፣ እውነቱን ልናገር እንጂ» ስላቸው፣ «አንሙት በመቃብር ነው፤ ወሬ አታስነሺበት» ብለው ከለከሉኝ። እኔም ክልከላውን ደስ ብሎኝ ተቀበልሁት፤ የባሌ ስም ነውና። በሐዘኔ ወራት ሊያጽናኑኝ ሲመጡም ስለዚህ አንሥተው አያውቁም። እሳቸውም ሚስታቸውን የቀበሩ ሰው ናቸው። «አልቅሺ፤ እኔም እስካሁን አለቅሳለሁ። ብቻ በርሽን ዘግተሽ አይሁን» ይሉኝ ነበር።

በርበሬ ሻጯ በነገረችኝ በማግስቱ ለቅሶ ልደርስ ወረድሁ። ቤታቸው ደጅ ላይ ድንኳን ተጥሏል። ሴቶቹ በአንድ ወገን ሳር ላይ ተቀምጠዋል፤ እታገኝም በመካከላቸው ነበረች። አልቅሼ ስጨርስ ከጎኗ ተቀመጥሁ።

«እትዬ ሙሉ፣ ዘገየሽ» አለችኝ።

«መንገዱ ተዘግቶ ነው እኮ፤ ቀብሩን አልሰማሁም።»

«የቀብሩን አይደለም የምልሽ።»

ያልገባኝ መሆኑን አየች። ድምፅዋን ሳታነሣ፣ ወደ እኔም ሳትዞር ነገረችኝ። «ወንዶቹን ባስታረቁ በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። ይበልጣል ገበያ ወጥቷል። ቀጥ ብለው ወደ ማድ ቤት ገቡና፣ ‹እታገኝ፣ እኔ አፍሬያለሁ› አሉኝ። ‹በማንኪያ ያጎረስሽ አንቺ ነሽ። አላጎረሳችሁም የተባለው ቃል የወደቀው አንቺ ላይ ነው። እኔ ግን የተንበረከክሁ ለባልሽ ነው፤ አንቺን በር ላይ ቆመሽ እያየሁሽ አለፍሁሽ› አሉ። ሊንበረከኩ ሲሉ ያዝኋቸው። የአንገታቸው ቁስል እንኳ ገና አልደረቀም።»

«ምን አልሻቸው?»

«‹አባ፣ እርስዎ ምን አደረጉኝ? ከአንሙት ቤት ሰው ሲመጣ ይቅር እላለሁ› አልኋቸው። አንሙት ያን ጊዜ አልጋ ላይ ነው፤ የቀረሽው አንቺ ነሽ። ‹ትመጣለች› አሉኝ።»

ዞሬ አየኋት።

«እኔም ጠበቅሁ» አለች። «በአንሙት ቀብር ይሆናል አልሁ። በተዝካሩ ይሆናል አልሁ። ቀኑን ሙሉ ወጥሽን ስሠራ ዋልሁ። ማታ ልሄድ ስል ‹እጅሽ ይባረክ› አልሽኝ።»

ብያለሁ። አስታውሳለሁ። መልካም ያደረግሁ መስሎኝ ነበር።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልሁ። ጥፋቴን ወደ ሟች ማሻገሬ መሆኑ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

«እኔም ለምን አይነግሯትም አልኋቸው። ‹ከነገርኋት የምትመጣው ለእኔ ብላ ይሆናል› አሉኝ። ባለፈው ሰሞን ታመው ልጠይቃቸው ስሄድ እንኳ ያንኑ ነው ያሉኝ፤ ‹ትመጣለች፣ አትፍረጂባት።›»

እሳቸው እንደምመጣ አምነው እስከ መጨረሻው ቆዩ። እኔ ግን ነገሩ ተፈጽሟል ብዬ፣ ባሌ ታርቆ ቆርቦ ሞቷል ብዬ እግዜርን እያመሰገንሁ ነበር የከረምሁ። የባሌ ቃል የወደቀባትን ሴት አንድ ቀን እንኳ አላሰብኋትም።

ከጎኗ ተነሣሁና ፊት ለፊትዋ ተንበረከክሁ። ሴቶቹ ወሬያቸውን አቆሙ። ግንባሬን መሬት አስነካሁ። «እታገኝ፣ ባሌ የሰደበው አንቺን ነው። እኔም ሰምቼ ዝም ብያለሁ፤ ከዚያም ረስቼዋለሁ። ይቅር በይኝ» አልሁ።

ቶሎ አላነሣችኝም። ትንፋሽዋን እሰማለሁ። ታነሣኝ ዘንድ ምንም ግዴታ እንደሌለባት፣ ትታኝ ብትሄድም ትክክል እንደሆነች እያሰብሁ ቆየሁ። ከብዙ ቆይታ በኋላ እጅዋ በክርኔ ሥር ገባ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር። ተነሺ» አለችኝ። ስነሣም እጄን አልለቀቀችም። «ግን እናታችን እንዴት እንደነበሩ ልነግርሽ እፈልጋለሁ። ምን ይዋጥላቸው እንደነበር፣ ሌሊት ሌሊት ምን ይሉ እንደነበር። እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው የለም። አትቸኩይም?»

«አልቸኩልም» አልኋት።

ተቀምጬ ሰማኋት።